በባዶ እግሩ ለሮጠ ሰው ጫማ ሲሰየምለት

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የማውቀው ፀጉር ቤት አለ። በሩ አናት ላይ ቆርቆሮ ላይ የተሣለ ሰውዬ ተሰቅሏል። ኮፍያው ጠማማ ነው። አንገቱ ላይ በሬ ማሰሪያ የሚያክል የወርቅ ሰንሰለት አለ። ዓይኖቹ ግን ከሰንሰለቱ ጋር አይሄዱም። ትልልቅ ናቸው፣ ክብ ናቸው፣ ቀጥ ብለው ነው የሚያዩህ። ከሥሩ «ዘመናዊ የወንዶች ፀጉር ማስተካከያ» ይላል።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?» አልኩት ባለቤቱን።

«ፊፍቲ ሴንት ነዋ! አትለየውም እንዴ?»

«ዓይኑ ትንሽ…»

«እሱማ ሠዓሊው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስለሆነ ነው። ቅዱሳን ሲሥል ኖሮ እጁ ለምዶበታል።»

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ያደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በእኛ አሣሣል ጻድቅ ፊት ለፊት ነው የሚሣለው፣ ሁለት ዓይኑ ጥርት ብሎ ይታያል። ክፉ ሰው ደግሞ በጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይደርሰዋል። ሠዓሊያችን እንግዲህ የኒውዮርኩን ራፐር ከጻድቃን ወገን መድቦታል ማለት ነው። ደግሞ አይፈረድበትም። ፊፍቲ ሴንት፣ በእናት በአባቱ ስም ከርቲስ ጃክሰን፣ በ2000 ዘጠኝ ጥይት ተመትቶ የተረፈ ሰው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ዘጠኝ ጥይት ተመትቶ የተረፈ ሰው ተአምር የለውም አይባልም።

እኔን የሚያስቀኝ ዝናው ራሱ አይደለም፣ የመንገዱ ነገር ነው። አንድ ሰው እዚያ ማዶ ስሙ ይገናል። ዝናው ባሕር ተሻግሮ ሸዋ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ይደርሳል። ከእኛ ወደዚያ የሄደውም እንደዚያው ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ከፀጉር ቤቱ አንውጣ። ግድግዳው ላይ ቁጥር የተሰጣቸው ጭንቅላቶች ያሉበት ፖስተር አለ። ልጆቹ የሰው ስም አይጠሩም። «አሥራ አራት ቁጥር አርግልኝ» ነው የሚሉት። የአሥራ አራት ቁጥር ባለቤት የት አገር እንደሚኖር፣ ዘፋኝ ይሁን ኳስ ተጫዋች፣ ማንም ግድ የለውም። ምስኪኑ ዝነኛ ቁጥር ሆኖ ቀረ።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የብራዚሉን ሮናልዶን ነው፣ ወፍራሙን። በ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ከቱርክ ጋር ሲጫወት ጭንቅላቱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ፣ ከፊት ብቻ ሦስት ማዕዘን የመሰለች ፀጉር ትቶ ብቅ አለ። ዓለም ጉድ አለ። ሰውዬው በኋላ ምክንያቱን ተናግሯል። ብሽሽቱን አሞት ነበር። ጋዜጠኛ ሁሉ ስለ ጉዳቱ ብቻ ያወራል። ፀጉሩን እንዲያ ሲያደርገው ግን ወሬው ሁሉ ወደ ፀጉሩ ዞረና እሱ በሰላም ልምምዱን ሠራ። ከዚያ በፍጻሜው ጀርመን ላይ ሁለት ግብ አስቆጥሮ ዋንጫውን ወሰደ። የየአገሩ ልጆች ያንን ፀጉር ስለተቆረጡ እናቶችን ይቅርታ ጠይቋል።

የእኛ አገር እናቶች ይቅርታው አላስፈለጋቸውም። አክስቴ ጨዋታውን ጎረቤት ቤት ሆና ስታይ፣ ካሜራው ሮናልዶን ሲያስጠጋው፣ «ውይ! ይሄማ ቁንጮ ነው! የባላገር ልጅ ነው አያችሁ!» ብላ ተደሰተች። ለእሷ ነገሩ ፋሽን አልነበረም። አንዲት እናት ከሩቅ አገር ልጇን በሥርዓት አሳድጋ፣ ቁንጮውን ትታለት፣ ኳስ ሜዳ የላከችው ነው የመሰላት። እኛ እኮ ቁንጮ፣ ጋሜ፣ ሳዱላ እያልን ፀጉርን በዕድሜ በዕድሜ ስንቆርጥ የኖርን ሰዎች ነን። ፀጉርህ ታይቶ ልጅ መሆንህ፣ ያገባሽ ወይም ያላገባሽ መሆንሽ ይታወቅ ነበር። ሮናልዶ የ25 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ የሕፃን ቁንጮ ማድረጉን ግን አክስቴ አልነገርናትም።

የጎፈሬም ነገር እንዲሁ ነው። የአድዋ ዘማች ጎፈሬ አበጥሮ ዘመተ። ከዚያ ከተሜው «ይሄ የባላገር ነው» ብሎ ተቆረጠ። ከዚያ በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ወጣቱ የአሜሪካ ጥቁሮችን ፎቶ አይቶ «አፍሮ» ብሎ እንደገና አሳደገው። አባቶች ተቆጡ፤ ልጁ የፈረንጅ ፀጉር አመጣ ተባለ። አሁን ደግሞ የካቲት 23 ሲደርስ የናይለን ጎፈሬ ከየሱቁ ይገዛል። የራሱን ፀጉር በአሥራ አራት ቁጥር ተቆርጦ፣ በላዩ ላይ የናይለን ጎፈሬ ደፍቶ የሚፎክር ጎረምሳ አይቻለሁ። ፉከራው ደግሞ ጥሩ ነበር።

ፉከራ ካልኩ አይቀር፣ ስለ ስም አንድ ነገር ልበል። ራፐሮች በእናት በአባታቸው ስም አይዘፍኑም። ሾን ካርተር ጄይ ዚ ሆነ። ካልቪን ብሮደስ ስኑፕ ዶግ ሆነ፤ ልጅ ሆኖ ስኑፒ የሚባለውን የካርቱን ውሻ ይወድ ስለነበር እናቱ ያወጣችለት ቅጽል ነው። ይህን የሰማ የሸዋ ሽማግሌ ሊስቅ ይችላል። ግን ማን ነው የሚስቀው? የእኛ ጀግኖች ሁሉ የሚጠሩት በፈረሳቸው ነበር። ሣህለ ሥላሴ አባ ዲና። ምኒልክ አባ ዳኘው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል። ባልቻ አባ ነፍሶ። ራስ አሉላ አባ ነጋ። ፎካሪው መሬቱን እየረገጠ መጀመሪያ የሚጠራው ይህንን ስም ነው። ራፐሩም ዘፈኑ ገና ሳይጀምር ስሙን ይጮሃል። ከዚያ ስንቱን እንደጣለ፣ ምን ያህል እንደማይፈራ ይዘረዝራል። ልዩነቱ እኛ በፈረስ፣ እነሱ በውሻ መሆኑ ብቻ ነው።

ስኑፕ ዶግ ደግሞ በ2012 ጃማይካ ሄዶ ራስታ ሆኛለሁ አለና ስሙን «ስኑፕ ላየን» አደረገው። ራስታዎች የሚያመልኩት አባ ጠቅልን፣ አፄ ኃይለ ሥላሴን ነው። አንበሳውም የእሳቸው የይሁዳ አንበሳ ነው። ሰውዬው ከውሻ ወደ አንበሳ ያደገው እንግዲህ በእኛው ቤተ መንግሥት በኩል ነው። ቆይቶ ግን ወደ ዶግነቱ ተመለሰ። አባ ጠቅል ራሳቸው ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ ነበራቸውና ቅር የሚላቸው አይመስለኝም።

አሁን ፈረሱ ቀርቷል። ስም ማውጣቱ ግን አልቀረም፣ አቅጣጫው ነው የተገለበጠው። ድሮ ሰው በፈረሱ ይጠራ ነበር። ዛሬ መኪናው በሰው ይጠራል። መናኸሪያ ገብተህ «አባዱላ አለ?» ብትል ማንም የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት የነበሩትን ሰው የምትፈልግ አይመስለውም። ቶዮታ ሚኒባስ ነው የምትፈልገው። «አባዱላ ሞልቷል፣ ቅጥቅጥ ግን አለ» ትባላለህ። ከውጭ የመጣ ዘመድህ አብሮህ ካለ ፊቱን እየው። መንገድ ላይ ደግሞ ቀዩ ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» ነው። አይሱዙው «አልቃይዳ» ነው። ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሲመጡብህ ስሙን ያወጣው ሰው እንዳልቀለደ ይገባሃል።

ጣርማ በር ለልብስ ጉዳይ ልዩ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ተሳፋሪው በጋቢ፣ በካፖርት፣ በሹራብ ተጀቡኖ ይሳፈራል። ጣልያን የቦረቦረውን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር መላላጥ ይመጣል። ደብረ ሲና ላይ ጋቢው ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት፣ ወደ 1,300 ሜትር ግድም ስትደርስ፣ አውቶቡሱ ሙሉ በካናቴራ ቀርቷል። ያኔ ነው ከሥር የተጻፈው ሁሉ የሚነበበው።

አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሽንኩርት ሊገዛ ይወርዳል። ጃኬቱን ሲያወልቅ የአርሰናል ማልያ ወጣ። ደረቱ ላይ በኤምሬትስ ብረሩ ይላል። እጅጌው ላይ ሩዋንዳን ጎብኙ ይላል።

«ወንድሜ፣ ሩዋንዳ ሄደህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ሩዋንዳ? ምን ልሠራ?»

«እጅጌህ ላይ ጎብኙ ይላል እኮ።»

እጅጌውን ጎትቶ አየው። «ይሄ? ይሄ የጨዋታው ነው።»

«የአውሮፕላኑስ?»

«እሱም የጨዋታው ነው።» ትንሽ አሰበና፣ «እኔ አርሰናልን ነው የምደግፈው እንጂ አውሮፕላን ምን አገባኝ» አለኝ።

ይህን መልስ የማስታወቂያ ሰዎች ቢሰሙት ደስ ባለኝ። ኤምሬትስ ከ2006 ጀምሮ፣ ሩዋንዳ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ለዚያ ጽሑፍ ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ከፍለዋል። ማስታወቂያው ለንደን ተነሥቶ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ገበያ ደርሷል። ለባሹ ግን የራሱ አየር መንገድ ያለው አገር ሰው ነው፣ ያም ሆኖ የሚሄደው በቅጥቅጥ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ ደግሞ ለዓመታት ደረቱ ላይ ሸቭሮሌት ለጥፎ ነበር። ባጃጅ የሚነዱ ስንት ልጆች የሸቭሮሌት ሰሌዳ ሆነው እንደከረሙ ቤት ይቁጠረው።

ማልያው ቢያንስ ተመርጦ የተለበሰ ነው። ቦንዳ ግን ዕጣ ነው። የልባሽ ተራ ክምር ውስጥ እጅህን ስትከት የማንን ሕይወት መዘህ እንደምታወጣ አታውቅም። የአንድ አሜሪካዊ ትምህርት ቤት የዋና ቡድን፣ የማታውቀው ሰው የጡረታ ግብዣ፣ የማታውቃቸው ቤተሰቦች የዘመድ ጉባኤ፣ ሁሉም አለ። አንድ እረኛ «የሙሽራዋ እናት» የሚል ካናቴራ ለብሶ በጎቹን ሲነዳ አይቻለሁ። ጢም አለው። ደግሞ አምሮበታል።

ያልሆነ ነገር የሚያወራ ልብስም አለ። በ2008 የአሜሪካ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት የእነሱ ጨዋታ) ፍጻሜ ላይ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ የሚባለው ቡድን 18 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር የቀረበው። ያንን አንድ ጨዋታ ካሸነፈ ዓመቱን ሙሉ ያልተሸነፈ ይባላል። ካናቴራው ቀድሞ ታተመ፣ «19 ለ 0» ተብሎ። ከዚያ በኒውዮርክ ጃያንትስ 17 ለ 14 ተሸነፈ። ልብሱ አሜሪካ ውስጥ አይሸጥ ነገር፣ ውርደት ነው። ስለዚህ በእርዳታ ድርጅት በኩል ወደ ድሃ አገር ተላከ። ኒካራጓ ውስጥ ሕፃናት ለብሰውት ፎቶ ተነሥተዋል። እዚያ ሰፈር ፓትሪየትስ አልተሸነፈም። እኔም ቦንዳ ባገላበጥኩ ቁጥር አንዱ ወደ እኛ ተሳስቶ መጥቶ ይሆን እያልኩ እፈልጋለሁ።

ከቦንዳ የተገዛ ሱሪ ቀጥሎ የሚሄደው በረንዳ ላይ ሲንጀር ወዳስቀመጡት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነው። ድሮ ሥራቸው መጣፍ፣ ማጥበብ፣ ማሳጠር ነበር። አሁን ወጣቱ ደህናውን ጂንስ ይዞ ይመጣና፣ «አባባ፣ ጉልበቱ ላይ ይቅደዱልኝ» ይላቸዋል። መጀመሪያ ላይ አልገባቸውም ነበር። አሁን ግን ዋጋ አውጥተውለታል። መቅደድ ከመስፋት ይወደዳል።

«እንዴት አባባ? መቅደድ ይቀላል እኮ» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ መስፋት ከተበላሸ ተፈትቶ ይደገማል። መቅደድ ከተበላሸ ምን ይደረጋል? ኃላፊነት አለበት» አሉኝ።

ክርክር የለውም። የሚቀረው የብርዱ ነገር ነው። በታኅሣሥ ውርጭ የተቀደደ ጂንስ ለብሶ ደብረ ብርሃን ጎዳና ላይ መቆም ቀልድ አይደለም። ልጆቹ ግን ብልሃቱን አግኝተውታል፣ ከሥር ፒጃማ ይለብሳሉ። ስለዚህ በቀዳዳው የሚታየው ጉልበት አይደለም። ቀይ ፍላኔል ነው፣ አንዳንዱ ጋ አበባ አለበት። ፋሽኑ የመጣበት አገር ይህን ጥምረት አያውቀውም።

እንግዲህ በእኛ መሳቅ ቀላል ነው። ባለፈረንጅ ካናቴራው እረኛ፣ ባለ ሁለት ዓይኑ ፊፍቲ ሴንት፣ ቢሳቅባቸው አያንሳቸውም። ግን ከዚህ ወጥተው ዓለም ያወቃቸው ሰዎቻችንስ እዚያ ሲደርሱ ምን ሆኑ?

ምኒልክን እንውሰድ። አንጎለላ ተወለዱ፣ 1844። ጫጫን አልፈህ ወደ ደብረ ብርሃን ስትመጣ በዚያው አካባቢ ነው። የውጭ የ«ይገርማል» መጻሕፍት ውስጥ ስማቸውን ብትፈልግ ግን አድዋን ቀድማ የምትመጣው አንዲት ወንበር ናት። ወሬው እንዲህ ነው። አሜሪካ በ1890 በኤሌክትሪክ ወንበር ሰው መግደል ጀመረች። ምኒልክ ሰሙና አዘዙ። ወንበሩ መጣ። ኤሌክትሪክ ግን የለም። ስለዚህ ዙፋን አደረጉት ይላሉ።

ለዚህ ወሬ አንድም ማስረጃ የለም። ቢሆንም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ አሁን ደግሞ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። እኔን የሚያናድደኝ ውሸት መሆኑ አይደለም፣ ቀልዱ መስነፉ ነው። በስማቸው ገንዘብ ያስቀረጹ፣ የባቡር ውል የፈረሙ፣ ስልክ ያስገቡ ሰውዬ ዕቃ ሲያዙ ምን እንደሚያስፈልገው አይጠይቁም? ደግሞስ የሸዋ ንጉሥ ወንበር ቸግሮት ነው የሰው መግደያ ላይ የሚቀመጠው? እውነተኛውን ምኒልክ ቢያዩ የበለጠ በተደነቁ። ፎቷቸው ላይ ነጭ ሻሽ ጠምጥመው፣ በላዩ ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ ደፍተው፣ በዚያ ላይ ካባ ደርበው የሚታዩ ንጉሥ ናቸው። ያንን አለባበስ ዛሬ አንድ ዘፋኝ ቢወጣበት ሳምንት ሙሉ እሱ ብቻ ነው የሚወራው።

ከወንበሩ የሚብሰው ግን ጫማው ነው።

አበበ ቢቂላ በ1932 ጃቶ በምትባል የሸዋ መንደር ተወለደ፣ ያኔ በሰላሌ ሥር ነበረች። የተወለደው ኦገስት 7 ነው፤ ያን ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በ1960 ሮም ሄደ። አዲዳስ ካቀረባቸው ጫማዎች ውስጥ ለእግሩ የሚስማማ አልተገኘም። በባዶ እግርም ልምምድ ሠርቶ ስለነበር ጫማውን ተወው። ከዚያ በምሽት፣ በችቦ ብርሃን፣ ጣልያን ከእኛ የወሰደውን የአክሱም ሐውልት አልፎ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። የዓለም ፈጣን ሰዓት ነበር።

እዚህ ላይ ሁሉም የሚዘለው አንድ ሰው አለ። አበበ ዋቅጅራ። እሱም የእኛው ነው፣ ያን ቀን ሮም ላይ ሮጧል፣ እሱም በባዶ እግሩ ነው። ሰባተኛ ወጣ። ማንም አያነሣውም። ባዶ እግር ዝነኛ የሚያደርገው አንደኛ ስትወጣ ብቻ ነው። ሰባተኛ ስትወጣ ጫማ የሌለህ ሰው ነህ።

አበበ ቢቂላ ደግሞ ከሮም በኋላ ጫማ ለባሽ ሆነ። በ1961 ኦሳካ ላይ የኦኒትሱካ ኩባንያ ባለቤት ራሱ መጥቶ አግባባውና በጃፓን ጫማ ሮጠ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን ወርቅ ሲወስድ እግሩ ላይ ፑማ ነበር። ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ገና ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎ ገባና ሣሩ ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ታዲያ ስለ ቶኪዮው ጫማ ማን ያወራል? ዓለም የያዘው ባዶ እግሩን ነው። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ስንት ጥንድ ጫማ ቢጨርስ ከሰው ልብ ውስጥ አንዱንም ማጥለቅ አልቻለም።

ከዚያ 2010 መጣ። ቪብራም የሚባል ኩባንያ ባለ አምስት ጣት ጫማ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ጣት የራሱ ኪስ አለው፣ ልክ እንደ እጅ ጓንት። ሲለብሱት የእንቁራሪት እግር ያስመስላል፣ ሐሜት አይሁንብኝ። በባዶ እግር እንደ መሮጥ ነው ተብሎ ነው የሚሸጠው። ለሩጫ ያወጡትን ሞዴል «ቢቂላ» አሉት። በዓለም ላይ ያለ ጫማ በመሮጡ ለታወቀው ሰው፣ ጫማ! ኩባንያው የማን አገር ነው? የጣልያን።

ይህን ያወቀ ሰው ደግሞ ቦንዳ ለባሹ እረኛ ላይ ይስቃል።

ጫማውን የገዙ አሜሪካኖች ጉዳት ይቀንሳል፣ እግር ያጠነክራል የተባልነው አልተረጋገጠም ብለው ከሰሱ። ኩባንያው በ2014 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። በ2015 ደግሞ የአበበ ቤተሰቦች ስማችንን ሳታስፈቅዱን የንግድ ምልክት አድርጋችኋል ብለው አሜሪካ ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኛው በ2016 መዝገቡን ዘጉት። ምክንያቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቤተሰቡ ነገሩን የሰማው በ2011 ነው፤ ለመክሰስ ዘግይቷል።

የአበበ ቢቂላ ቤተሰብ! በሰዓት ተሸነፈ!